ያልተነኩት ሃያ ዘጠኝ ጥያቄዎች

ስክሪኑ በራሱ ተዘጋ።

«ምን ሆነ? መብራት ጠፋ እንዴ?» አለ ገብረ ኪዳን።

«አይ አባ። ሰዓቱ አልቆ ነው» አለች ዜማ።

አባቷ እጁን ከማውሱ ላይ ቀስ ብሎ አነሳ። ግንባሩ በላብ ርሷል። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። የጓደኛዋ የአይናዲስ ወላጆች ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ከእነሱ በቀር ተገልጋይ አልነበረም። አይናዲስ ባንኮኒው ኋላ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች።

ዜማ ወንበሯን አስጠግታ ውጤቱን ከፈተች። መለማመጃው አርባ ጥያቄ ነው። በአንድ ሰዓት ማለቅ ነበረበት። አባቷ የመለሰው አሥራ አንዱን ነው። አሥራ አንዱም ልክ ናቸው። ሃያ ዘጠኙን አልነካቸውም። ሁለት ቧንቧዎች አንድ ታንከር በስንት ሰዓት ይሞላሉ የሚል ጥያቄ ላይ ደርሶ ሰዓቱ እስኪያልቅ እዚያው ቆሟል። አጠገቡ ያለው ወረቀት በስሌት ተሞልቷል።

«እህ? ምን ይላል?» አለ አባቷ። መነጽሩ ገና እጁ ላይ ነው።

ዜማ ስክሪኑን አየች። አባቷን አየች። አሥራ አምስት ዓመት አብራው ስትኖር እንዲህ ፈርቶ አይታው አታውቅም።

«የሠሩት ሁሉ ልክ ነው» አለች። «አንድም አልሳቱም።»

ገጹንም ቶሎ ዘጋችው።

አባቷ ሳቀ። ብዙ የሚስቅ ሰው አይደለም። «አንድም?» አለ። «በል እንግዲህ ገብረ ኪዳን!» ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ።

አይናዲስ ስልኳን አስቀመጠች። «እኔ እኮ ከዚህ ሆኜ አይቻለሁ» አለች። «ከአርባ አሥራ አንድ። ለምን ሸወድሽው?»

«አልሸወድኩትም። የሠራው ልክ ነው።»

«አታካብጂ ባክሽ! ፋዘርሽ እኮ ከነገ ወዲያ ነው የሚፈተነው።»

ዜማ ደብተሯን አንስታ ወጣች።

ለሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና አባቷን ያስመዘገበችው እሷ ናት፤ በስልኳ። ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ሰቅላ ፎቶ አነሳችው። የመጀመሪያ ዲግሪውን ስካን አድርጋ አስገባች። የፈተናውን ቦታ መረጠች። ፓስወርዱን ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ፈተናው በኮምፒውተር ነው ሲባል አባቷ ሁለት ቀን ሲያስብበት ቆየ። ከዚያ «ታስተምሪኛለሽ» አላት።

ገብረ ኪዳን እስከ አሥራ ሰባት ዓመቱ መርጡለ ማርያም የቆሎ ተማሪ ነበር። አንደኛ ክፍል የገባው ከዚያ በኋላ ነው፣ ከሕፃናት ጋር። አሁን አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። አማኑኤል ከተማ አማርኛ ያስተምራል፤ ጠዋት በሚኒባስ ሄዶ ማታ ይመለሳል። ዘንድሮ ወረዳው ለአንድ መምህር የትምህርት ዕድል ሰጠ፤ ደረሰው። ፈተናውን ካላለፈ ግን ዕድሉ ለተከታዩ መምህር ይሄዳል። ሌላ ጊዜ ይደርሰዋል ብሎ የሚያስብ ሰው ቤት ውስጥ የለም።

ማታ እራት ቀረበ። እናቷ ማንጠግቦሽ ሽሮውን አወጣች።

«እንዴት ሆነልህ?» አለች።

«አንድም አልሳትኩም!» አለ አባቷ። «ልጅሽን ጠይቂያት።»

«እሰይ! እኔስ ምን ብዬህ ነበር? ነገ ለወንድሜ ደውዬ እነግረዋለሁ።»

አባቷ በደንብ በላ። ሳምንቱን ሙሉ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ይነሳ ነበር። ዜማ የእጁን መመላለስ አየች። ነገ ብነግረውስ ብላ አሰበች። ነገ ግን አርብ ነው። ከአርብ በኋላ ቀን የለም።

«አባ» አለች።

«አቤት።»

«የመለሱት አሥራ አንድ ነው።»

«ከስንት?»

«ከአርባ።»

እናቷ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። አባቷ የያዘውን ጉርሻ መሶቡ ላይ መለሰው።

«ሌላውስ?»

«አልደረሱበትም። ሰዓቱ አለቀ። አንዱ ጥያቄ ላይ ብዙ ቆዩ።»

«ልክ ነው አላልሽኝም?»

«የሠሩት ልክ ነው። ሌላውን... ደስ ብሎዎት ስለነበር ነው።»

አባቷ ተነስቶ እጁን ታጠበ። ዜማ ቁጣውን ጠበቀች። እሱ ግን ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀመጠ።

«የኔታ የትናንቱን ያልያዘ ልጅ የዛሬውን አያስቀጥሉም ነበር» አለ። «አንድ ቦታ ላይ ሦስት ሳምንት ቆይቻለሁ። ጓደኞቼ ሁሉ አልፈውኝ ሄዱ። እኔ ያልያዝኩትን ጥዬ መሄድ አላውቅበትም ልጄ።»

«መጣል እኮ አይደለም። ምልክት አድርገው ያልፉታል። የሚያውቁትን ሲጨርሱ ይመለሱበታል።»

አባቷ ቀና አለ። «ይመለሱበታል?»

«አዎ።»

«ካለፍኩት አይዘጋም?»

«አይዘጋም። ሰዓቱ እስኪያልቅ ድረስ እንደፈለጉ መመላለስ ነው።»

«እኔ እኮ ካለፍኩት የሚዘጋ መስሎኝ ነው!» አለ። እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። «መመለስ ካለማ ሌላ ነገር ነው።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ቀን ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ እስካሁን አንዴ ደግመነው ነበር» አለ።

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ለዜማ ከቁጣ የከበዳትም ያ ነው።

«ይቅርታ አባ።»

«በቃ። ነገ ትምህርት ቤቱን አስፈቅጄ በጊዜ እመለሳለሁ። ቦታ ያዢልኝ።»

አርብ በዘጠኝ ሰዓት መጣ። አይናዲስ ጥሩውን ኮምፒውተር አስቀምጣለት ነበር። ዜማ ምልክቱን አሳየችው፤ ጥያቄው ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ባንዲራ ናት። ስትነካ ትቀላለች።

አምስተኛው ጥያቄ ላይ ቆመ።

«ይለፉት» አለች ዜማ።

«ቆይ፣ ደርሼበታለሁ።»

«አባ!»

«ቆይ አልኩሽ እኮ!»

«ጋሼ፣ እሷን ይስሟት» አለች አይናዲስ ከባንኮኒው ኋላ። «ጥያቄው የትም አይሄድም። እኔ እጠብቅልዎታለሁ።»

አባቷ ባንዲራዋን አቀላት። ከዚያ ዐይኑን ጨፍኖ «ቀጣይ» የሚለውን ተጫነ። ሲገልጠው ስድስተኛው ጥያቄ ከፊቱ ነበር። ቀላል ሆኖ አገኘው። ሠራው። ሰባተኛውንም ሠራ።

ሰዓቱ ሲያልቅ ዜማ ውጤቱን ከፍታ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችው። መነጽሩን እስኪያደርግ ጠበቀች። ከአርባው ሠላሳ አምስቱን ነክቷል። ሃያ ስድስቱ ልክ ናቸው።

«ዘጠኝ ስቻለሁ» አለ አባቷ።

«አዎ።»

«ጥሩ ነው» አለ።

«አቀለጡት እኮ ጋሼ!» አለች አይናዲስ። አባቷ ወደ ዜማ ዞረ። «ማቅለጥ ጥሩ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ዛሬ ጥሩ ነው» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ዜማ የሚፈተንበት ዩኒቨርሲቲ በር ድረስ ሸኘችው። ስልክ ይዞ መግባት ስለማይቻል ስልኩን ተቀበለችው። መታወቂያውንና የፈተና መግቢያ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ፈትሾ ገባ። እሷ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ፀሐይ ወጣች፤ ከዚያ ደመና ሆነ። ተፈታኞች አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። አንዷ ሴት እያለቀሰች ወጣች። ዜማ ፊቷን አዞረች።

አባቷ ከመጨረሻዎቹ ጋር ወጣ። ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው። ዜማ ብድግ አለች፤ ለመጠየቅ ግን ፈራች።

«ሁሉንም ነካኋቸው» አለ።

«ሁሉንም?»

«ባንዲራውን ሳቀላው ዋልኩ። ተመልሼ ሠራኋቸው። ሦስቱ ግን እምቢ አሉኝ።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

አባቷ ግራ ቀኙን አየ። «ገመትኩ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ገመቱ? እርስዎ?»

«ለእናትሽ እንዳትነግሪ!»

ዜማ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እሱም ሳቀ። እስከ ቤት በእግራቸው ሄዱ።

ማክሰኞ ከሰዓት ዜማ ግቢ ውስጥ ልብስ ስታጥብ አይናዲስ ደወለች።

«ውጤት ተለቋል! ፓስወርዱ አንቺ ጋ አይደል? ክፈቺዋ!»

«እሺ» ብላ ዘጋች።

እጇን አደረቀች። ደብተሯን አመጣች። ስልኳ ላይ ገጹን ከፈተች። ፓስወርዱ ስምንት ፊደል ነው። ቀድማ ብታየው ጥሩ ከሆነ ሮጣ ትቀበለዋለች። መጥፎ ከሆነም እንዴት እንደምትነግረው ታስብበታለች። በየቱ ቃል እንደምትጀምር፣ የቱን እንደምታስቀር።

ገጹን ሳትነካው ተወችው። ፓስወርዱ ያለበትን ወረቀት ከደብተሩ ቀድዳ ኪሷ ውስጥ ከተተች።

አባቷ ማታ ከአማኑኤል ሲመጣ ስልኳንና ወረቀቱን ሰጠችው።

«ወጥቷል። እርስዎ ይክፈቱት።»

«አላየሽውም?»

«አላየሁትም።»

ትንሽ አያት። ስልኩን ይዞ ወደ ቤት ገባ። ዜማ ወደ ቀረው ልብስ ተመለሰች። አባቷ ፊደሎቹን እየጠራ ሲጽፍ ይሰማታል፤ አንድ ጻፈ፣ ቆመ፣ ሌላ ጻፈ። ከዚያ ፊደል መጥራቱን አቆመ። እጆቿ ሳሙናው ውስጥ ቆሙ።

«ማንጠግቦሽ!» አለ አባቷ ከውስጥ። «ኧረ ማንጠግቦሽ! ነይ እስቲ ቶሎ!»

እንደዚያ ተጣርቶ ክፉ ነገር የሚያወራ ሰው የለም። እናቷ ነጠላዋን እየጎተተች ሮጠች። ዜማ ዐይኗ እንባ ሞላ። ለመነሳት አልቸኮለችም። ሸሚዙን አንስታ መጭመቅ ጀመረች፤ ሲጠራት ትገባለች።