«ልቀቂ» ማለት «አቁሚ» ነው

«ልቀቂ! ልቀቂ አልኩሽ እኮ!»

ልጅቷ ፍሬኑን ለቀቀችው። ባቡሩም ጣቢያውን ጥሎ እብስ አለ፤ መሳፈሪያው ላይ የቆሙት የጌም ሰዎች ከነሻንጣቸው ከስክሪኑ ጠፉ።

«ኧረ አባባ! ልቀቂ አሉኝ፣ ለቀቅኩ!»

«አየሩን ነዋ ያልኩሽ!»

አያቷ ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በእሳቸው ቋንቋ የባቡር ፍሬን የሚይዘው ከቱቦው አየር ሲለቀቅ ነው፤ ስለዚህ «ልቀቂ» ማለት «አቁሚ» ማለት ነው። ለእሷ ደግሞ፣ እንደ ማንኛውም የእግዜር ፍጥረት፣ «ልቀቂ» ማለት ፍሬኑን ተይው ማለት ነው። በዚህች አንዲት ቃል የተነሳ በአንድ ሳምንት ስድስት ጣቢያ አልፈዋል። አንዴማ የሐዲዱን መጨረሻ ግንብ ገጭተው፣ እናቷ ምን ፈነዳ ብላ እየሮጠች መጥታለች።

ጥፋቱ የቃሉ ብቻ አልነበረም፤ የእጀታውም ነበር። አያቷ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የተሰበረ ጆይስቲክ ገዝተው፣ ፈታትተው፣ የእንጨት እጀታ ገጥመውለት፣ ልክ እንደ ድሮው ፍሬናቸው ወደ ጎን የሚዞር አድርገው ሠርተውላታል። ሦስት ቀን ፈጅቶባቸዋል። በእሱ ስታቆም ግን ወይ ሃያ ሜትር ታልፋለች፣ ወይ ሃያ ሜትር ይጎድላታል። በኪቦርድ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፦ ሰማያዊው ምልክት ጋ ስትደርስ ቁልፉን አራት ጊዜ መጫን፣ እስከ ሦስት መቁጠር፣ ደግሞ ሁለት ጊዜ መጫን። ባቡሩ ገጭ ብሎ መስመሩ ላይ ይቆማል። ጌሙ ነጥብ የሚሰጠው ለርቀቱ ነው፤ ለመንገጫገጩ የሚቀንስ የለም።

አያቷ ግን ይቀንሳሉ። «ይኸው፣ ተሳፋሪው ሁሉ ግንባሩን ተመታ» ይላሉ።

«የጌም ተሳፋሪ ግንባር የለውም፣ አባባ።»

«እኔ ሳቆም የተኛ ሰው አይነቃም ነበር።»

«ታዲያ ስንቱን ከነእንቅልፉ ጣቢያውን አሳልፈው ወሰዱት?»

እስኪያስላቸው ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ በጣም ትወዳቸዋለች።

«ቅዳሜ ለውድድሩ ይቺኑ ይዘሽ ነው የምትሄጂው?» አሉ፣ እጀታዋን በአውራ ጣታቸው እያሻሹ።

የቅዳሜው ውድድር የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክለብ ነው፤ አንደኛ የወጣ ብቻ ነው ትምህርት ቤቱን ወክሎ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ለመወዳደር የሚሄደው። ዓመቱን ሙሉ ስትመኘው የኖረችው ይህንን ነው።

«አይፈቀድም» አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ኪቦርድ ብቻ ነው የሚቻለው።»

«እንግዲህ ሕግ ሕግ ነው።» እጀታውን ነቅለው ገመዱን በጥንቃቄ ይጠቀልሉ ጀመር። ቅር ያላቸው አይመስሉም። ይሄ ነው የባሰባት።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ጉንጬ ናት፣ የክፍል ጓደኛዋ። ስሙን ያወጡላት ጉንጮቿ ሁልጊዜ ከእሷ ቀድመው ስለሚገቡ ነው።

«ስሚ፣ መምህሩ ምን አለ መሰለሽ! ቤት ያላችሁን ይዛችሁ ኑ፣ በፈለጋችሁት መጫወት ትችላላችሁ! እኔ የወንድሜን የመኪና መሪ ልሞጨልፍ ነው፤ ባቡር በመሪ ስነዳ ታዪኛለሽ!» ከዚያ እጀታውን አየች። «እንዴ! ይሄ ፏ ያለ ነገር ነው! ማን ሠራው?»

ልጅቷ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። አያቷ ገመዱን አስረው ጨረሱና ጆሯቸውን ነካ ነካ አደረጉ።

«ይቺ ጆሮ ደግሞ ዛሬ ጨርሳ እምቢ አለች። ቆይ፣ ውሃ ላምጣላችሁ።» ተነስተው ወጡ።

የሞተር ጩኸት ጆሯቸውን ማዳከሙ እውነት ነው። ግን የደከመው ግራው ነው፤ ጉንጬ የቆመችው በቀኛቸው ነበር።

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ ልውጥ አለ።»

«ነገ እነግርሻለሁ። አሁን ሂጂልኝ።»

«አባረርሽኝ ማለት ነው?»

«አዎ።»

ጉንጬ እያጉረመረመች ሄደች። ልጅቷ የጌሙን ሴቲንግ ከፈተች። ለቅዳሜው ውድድር ያዘጋጀችው ምርጫ «ፍሬን፦ ኪቦርድ» ይላል። የእጀታውን ገመድ ፈትታ ሰካችውና ምርጫውን ወደ እጀታው ለወጠችው። የቀድሞው ምርጫ ይጠፋል፣ ይቀጥል ወይ ሲል ጠየቃት። ያቺን የኪቦርድ ቆጠራ ለማግኘት ስንት ከሰዓት በኋላ እንደፈጀባት ታውቃለች። «አዎ» የሚለውን ተጫነች።

አያቷ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይዘው ገቡ።

«ጓደኛሽስ?»

«ሄደች። አባባ... ዋሽቼዎታለሁ።»

«ሰምቻለሁ» አሉ፣ ብርጭቆውን እያስቀመጡላት።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ማሸነፍ ፈልገሻላ። እኔም በአንቺ ዕድሜ ከዚህ የባሰ ዋሽቻለሁ።» ስክሪኑን አዩና ቅንድባቸው ተነሳ። «በዚች ከሄድሽ ትሸነፊያለሽ እኮ፣ የኔ እመቤት።»

«አውቃለሁ። ሁለት ቀን አለን። ይበቃናል?»

«አይበቃም» አሉ። ከዚያ ወንበራቸውን ጎትተው አጠገቧ ተቀመጡ። «እጅሽን አምጪ።»