አራት ወረቀት፣ አንድ የእጅ ጽሑፍ

«አካም ቡልቴ፣ እንደምን አደርሽ እህቴ። አቤቱታ ከሆነ ኮሪደሩ ላይ ካለው ሳጥን ክተቺው፤ ስም አይጻፍም» አለ ዘበኛው ማሜ።

«አቤቱታ የለኝም። ለሟቿ ምርመራ ነው የመጣሁት» አለች ሴትዮዋ፣ የፖሊስ መታወቂያዋን እያሳየች።

ማሜ ኮፍያውን አወለቀ። «ይቅርታ ኢንስፔክተር። ሰሞኑን የሚመጣው ሁሉ ከፍቶት ስለሆነ ነው።»

ኅዳር 20 ቀን 2003 ዓ.ም. ነበር። በሮቤ ከተማ በሚገኘው ቶጎና ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ወይዘሮ አሰፋች ጠረጴዛዋ ላይ እንደተደፉ ሞተው ተገኝተዋል። እግራቸው አጠገብ የከሰል ምድጃ ነበር፤ የገደላቸው የከሰሉ ጭስ እንደሆነ ታውቋል። ከሰሉን ያስገባችው የጽዳት ሠራተኛ መሪየም ተይዛለች።

ኢንስፔክተር ሶረቲ መጀመሪያ እሷን አነጋገረች።

«ወላሂ፣ ውጭ በደንብ ካልፋመ አላስገባም» አለች መሪየም። «መስኮቱም ጥጉ ላይ መስታወት የለውም። አለቃችን አቶ ዘይነዲን መስታወት ላስገባ ሲሉ፣ እትዬ አሰፋች ለከሰሉ መተንፈሻ ይሁነኝ ብለው ከለከሉ።»

«ከሰሉን ካስገባሽ በኋላ ምን ስትሠሪ ቆየሽ?»

መሪየም በሩን አየች። «እንዲሁ... እናወራ ነበር።»

ሶረቲ ሟቿ ቢሮ ገብታ የመስኮቱን መጋረጃ ገለጠች። ክፍተቱ በጆንያ ቁራጭ ተወትፏል። ወደ ውስጥ የገባው ትንሽ ጫፍ ብቻ ነው፤ የቀረው ከግድግዳው ውጭ ተንጠልጥሏል።

የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው ዘይነዲን በሐዘን ፊት ተቀበላት።

«ከእሳቸው ጋር ቅሬታ ነበራችሁ?»

«ሰው ስሜን አራት ጊዜ በወረቀት ቢያጠፋ፣ እኔ ምን አደርጋለሁ? ይቅር ብያታለሁ። አላህ ይማራት።»

ሶረቲ ማስታወሻዋን ዘጋች። ከዚያ ዲኑን አቶ ጫሊን፣ የሠራተኞች ተወካይዋን ወለተኢየሱስን፣ ዘይነዲንንና መሪየምን ሳጥኑ ዘንድ ሰበሰበች። ሳጥኑ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ ከዲኑ፣ ሌላው ከተወካይዋ ዘንድ ነው። በየወሩ መጨረሻ በኮሚቴ ፊት ካልሆነ አይከፈትም።

«መጨረሻ የተከፈተው መቼ ነው?»

«ጥቅምት ሠላሳ» አለ ጫሊ። «ከዚያ ወዲህ ውስጡን ያየ የለም።»

ሁለቱ ክዳኑን ከፈቱ። አራት ወረቀት ነበር።

«ከላይ ያለው ቀኑ ስንት ነው?»

ወለተኢየሱስ አነበበች። «ኅዳር 3። ቀጥሎ 8፣ 12... ታች 17።»

ሶረቲ አራቱንም ተቀብላ አነበበችና መለሰችላት። «በቀዳዳ የሚገባ ወረቀት መጀመሪያ የገባው ከታች ነው የሚቀረው። እነዚህ ግን ወጥተው፣ በተራ ተነበው፣ ተመልሰዋል። የኋላ ሳንቃውን ብሎኖች እዩ፤ በካቻቢቴ አዲስ ተፍቀዋል። አራቱም የሚከሱት አቶ ዘይነዲንን ነው፤ የጽዳት ሴቶችን ወደ መጋዘን እየጠራ ያስቸግራል ይላሉ። እሱ ደግሞ ሳጥኑ ሳይከፈት ወረቀቶቹ አራት እንደሆኑ ነገረኝ።»

«ሰው ነገረኝ!» አለ ዘይነዲን።

«ማን ይነግርሃል? የጻፈች ሴት ራሷ የጻፈችውን አንድ እንጂ አራቱን አታውቅም። መተንፈሻውንም የደፈነው ውጭ የቆመ ሰው ነው። ጆንያው የተንጠለጠለው በውጭ ነው፤ ውስጥ ላለ ሰው መጋረጃው ይከልለዋል። የክፍተቱን ነገር ያውቅ የነበረው ደግሞ መስታወት ላስገባ ብሎ የተከለከለው ነው።»

«አራቱንም እሷ ናት የጻፈችው! የእጅ ጽሑፏን ስምንት ዓመት አውቀዋለሁ! እኔን ከሥራ ልታስወጣ...» ዘይነዲን የገዛ ቃሉን ሰምቶ አፉን በእጁ ያዘ።

«የእጅ ጽሑፉ የእሳቸው ነው» አለች ሶረቲ ቀስ ብላ። «ቃሉ የሌሎች ነው። አንዷ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ ትላለች። አንዷ አራስ ሆኜ ተጠራሁ ትላለች። ሟቿ ሃምሳ አምስት ዓመታቸው ነበር። መሪየም፣ ጠዋት ጠዋት ምን ነበር የምታወሩት?»

መሪየም ወደ ወረቀቶቹ ጠጋ አለች።

«የኅዳር ስምንቱ የእኔ ነው» አለች። «እኛ ፊደል አናውቅም። ከሰል ይዤ ስገባ እሳቸው ይጽፉልኛል። የሌሎቹንም እንደዚያው። እንዳይታወቅብን ብዬ ነው ዝም ያልኩት... እሳቸውን ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም።»

ወለተኢየሱስ ወረቀቶቹን በደረቷ ይዛ አለቀሰች።

ዘይነዲን በዚያው ዕለት ከሰዓት በካቴና ወደ ጎባ ተወሰደ። መሪየም የምስክርነት ቃሏ ላይ አውራ ጣቷን አትማ ተለቀቀች። በማግስቱ ሪራ መንደር ወዳሉት እናቷ ሄደች፤ ወደ ኮሌጁም አልተመለሰችም።