ዲናሞ ገደለው የተባለው ሰውዬ

ሰውየው መሪው ላይ ተደፍቶ ነው የተገኘው፣ በምሳ ሰዓት፣ ጋራዡ ጭር ባለበት። ጋቢናው በጭስ ጠቁሯል፣ ከመሪው ሥር አንድ ሽቦ ቀልጦ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? አስከሬኑ ገና ሳይነሳ ፍርድ ተሰጠ።

«ዲናሞው ነው የገደለው!»

በቃ፣ ሁሉም ተቀበለው። ከጎማ ሌላ ምንም የማያውቀው ጎማ ጠጋኙ እንኳን ራሱን እየነቀነቀ «ይሄ ነገር ትልቅ ነው ብዬ ነበር» አለ። መቼ እንዳለ እሱና ፈጣሪው ይወቁ።

ሟቹ ከአባቱ የቀረ አሮጌ የጭነት መኪና ነበረው። ወተት ማመላለስ ሲጀምር ማቀዝቀዣ አስገጠመበት፣ መብራትም ጨመረበት። ባትሪውን የሚሞላው የድሮው ዲናሞ ይሄን ሁሉ አልችልም አለ፤ ባትሪው በየመንገዱ እየሞተ አስቸገረ። ስለዚህ ትልቅ ዲናሞ አስገጠመ። በማግስቱ ደግሞ መኪናው ከጋራዡ ሳይወጣ ራሱ ሞተ።

የገጠመው የጋራዡ ባለቤት ነው። ሰፈሩ «ፕሮፌሰር» ይለዋል፤ አፉን ላየ ሰው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። አሁን ግን ፕሮፌሰር እጁ ላይ ካቴና ገብቶለት የዘይት በርሜል ላይ ተቀምጧል። ወሬው እውነት ከሆነ እሱ እስር ቤት ይገባል፣ ጋራዡም ይታሸጋል።

መርማሪዋ መጣች። ቀጭን ናት፣ ሰው ስታይ የኮመጠጠ ወተት ያሸተተች ነው የምትመስለው። መጀመሪያ የሟቹን አፍንጫ በነጭ መሐረብ ጠረገች። መሐረቡ ነጭ ሆኖ ወጣ። ቀጥላ ጭንቅላቱን ዳበሰች፤ ከኋላ በኩል አብጧል። ከዚያ ወደ በርሜሉ ሄደች።

«ስንት አምፔር ነው የገጠምክለት?»

«ሴትዮ፣ ቢነግሩሽም አይገባሽም።»

«አይግባኝ። አንተ ብቻ ንገረኝ።»

ፕሮፌሰር ተጠይቆ ዝም ሊል? ታስሮም ቢሆን አይሆንለትም።

«የድሮው አርባ አምስት ነበር። መብራቱ፣ መጥረጊያው፣ ማራገቢያው፣ ማቀዝቀዣው ሲደመር ሰባ ገደማ ይበላል። ባትሪውን የሚሞላ ትርፍ ይፈልጋል። መቶ ገጠምኩለት።»

«ለምን መቶ ሃምሳ አላደረግከውም?»

«የሚያዞረው ቺንጋ ቀጭን ነው፣ ይንሸራተታላ! ደግሞ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሻጭ ወሬ ነው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ስንት ይሰጣል ነው ጥያቄው።»

«ሽቦውስ?»

«ወፍራም አዲስ ዘረጋሁ። አሮጌውን ነቅዬ ጥዬዋለሁ።»

መርማሪዋ ከጋቢናው የተቃጠለውን ሽቦ ጫፍ ጎትታ አሳየችው። ቀጭን፣ አሮጌ።

«ይሄስ ታዲያ?»

ያ ሁሉ አፍ ተዘጋ። አጠገቡ የቆመው ፖሊስ «ዝም አለ፣ አመነ ማለት ነው» አለ። ይሄ ደግሞ ደሞዝ ይከፈለዋል!

ቀጥሎ የሟቹ ታናሽ ወንድም። መኪናውን የሚነዳው እሱ ስለሆነ ራሱን «ካፒቴን» ብሎ ሰይሟል። ወንድሙ ሞቶ ጥቁር መነጽሩን እንኳን አላወለቀም፣ ቁልፉን ጣቱ ላይ ያሽከረክራል።

«እኔኮ ነግሬው ነበር፣ እመቤቴ! አሮጌ መኪና ላይ መቶ ከጫኑበት፣ መቶውን በሙሉ ሽቦው ላይ ይለቅበታል። ያንን ሽቦ ደግሞ አውቀዋለሁ፣ ክር ነው።»

«ሲገጠም ነበርክ?»

«ካርቶኑ ሲከፈት ጥዬ ወጣሁ። እንዲህ ያለ ድንቁርና አያስችለኝም።»

«ዛሬስ?»

«ምሳ በልቶ ጋቢና ውስጥ ሊተኛ ሲገባ ተለየሁት። ወየው ወንድሜን!» አለና ከመነጽሩ ሥር ጉንጩን ጠረገ። ምኑን እንደጠረገ እንጃ፣ ደረቅ ነው።

ሚስትየው ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራት፣ አልቃሽ ናት ብለው ትተዋታል።

«እህቴ፣ ሲገጠም አይተሻል?»

«የእጅ ባትሪ ይዤ ያበራሁለት እኔ ነኝ። ወፍራም ቀይ ሽቦ ከዲናሞው ወደ ባትሪው ዘረጋ። አሮጌው ከእንግዲህ ሥራ የለውም አለኝ።»

«ባልሽ ከማንም ጋር ተጣልቶ ነበር?»

«አልተጣላም። ዛሬ ምሳ ላይ ግን ለወንድሙ፣ ለዋርሳዬ፣ የሚነግረው ነገር ነበረው።»

ምን እንደሆነ ጠጋ ብላ በጆሮዋ ነገረቻት። መርማሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ፈገግታዋም ደስ አይልም።

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ሁሉንም መኪናው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ከዚያ ቁልፉን ከካፒቴን ጣት ላይ ነጥቃ ጋቢና ወጣች።

«ኧረ አይንኩት! ይቃጠላል!» ካፒቴን ጮኾ ጎማ ክምር ኋላ ተወሸቀ። ጀግና!

ሞተሩ ተነሳ። መብራቱን አበራች፣ ማቀዝቀዣውን ለቀቀች። ምንም አልተቃጠለም። የባትሪው ጌጅ ከፍ ብሎ ቆመ።

«ዲናሞው እየሞላ ነው» አለች ወርዳ። «ሽቦው ተበጥሶ እያለ በምን በኩል ይሞላል? በቀዩ። የተቃጠለውን ሽቦ ተከትዬ አይቼዋለሁ፤ በዲናሞውም በባትሪውም በኩል ጫፉ ተቆርጦ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ከምንም ጋር አይገናኝም። ምንም የማያልፍበት ሽቦ በራሱ አይቃጠልም፤ ሰው እሳት ካልለኮሰበት።»

«ጭሱስ አልገደለውም?» አለ ፖሊሱ።

«አፍንጫው ውስጥ ጥላሸት የለም። ጭሱ ሲመጣ አይተነፍስም ነበር። መሪው ላይ ተደፍቶ ደግሞ ማጅራቱ አያብጥም። በብረት ተመትቶ ነው።»

«ፕሮፌሰሩ ነዋ!» አለ ካፒቴን።

«በምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ የነበራችሁት ሦስት ናችሁ። ሽቦውን የቆረጠው ፕሮፌሰር ራሱ ነው። ሚስትየው አብርታለታለች። ሁለቱም ሥራ እንደሌለው ያውቃሉ። ይሄ ሽቦ አሁንም የሚሠራ የመሰለው፣ ካርቶኑ ሲከፈት ጥሎ የወጣው አዋቂ ብቻ ነው። ዲናሞ ደግሞ የተጠየቀውን ያህል ነው የሚሰጠው። እንደ አንተ አፍ ሳይጠየቅ አይለቅም።»

«ለምን ብዬ ነው ወንድሜን የምገድለው?»

«ከሰኞ ጀምሮ ማን እንደሚነዳ ስለነገረህ።»

መነጽሩ ወደቀ። «የአባታችንን መኪና ለሴት! ለሚስቱ! ሰው ምን ይለኛል?» አለ። አይገርምም? ስለ ወንድሙ አንድ ቃል የለም።

ካቴናው ከፕሮፌሰር እጅ ወጥቶ ካፒቴን እጅ ላይ ገባ። ፕሮፌሰር ወዲያው ደረቱን ነፋ። «እኔ እኮ ሥራዬን—»

«ዝም በል! ሳትነቅለው ነቀልኩት ብለህ ዋሸህ። ሰነፍ ከምትባል ገዳይ መባልን መረጥክ።»

ጋራዡ አልታሸገም፣ ፕሮፌሰርም ቤቱ ይገባል፤ ግን ጆሮው ድረስ ቀላ።

መኪናው ለማስረጃ ወደ ጣቢያ መሄድ ነበረበት። ፖሊሱ ጠባቡን በር አይቶ አንገቱን አከከ። ካፒቴን ከፖሊስ መኪናው ውስጥ ሳቀ። «ከእኔ በቀር ከዚያ በር የሚያወጣው የለም!»

ሚስትየው ተነሳች። መርማሪዋ ቁልፉን ሰጠቻት። ጋቢና ወጥታ የተለበለበው ወንበር ላይ ሻርፗን አነጠፈች፣ ከዚያ ማርሽ አስገባች። ግንቡን ንክች ሳታደርግ፣ በኋላ ማርሽ፣ በአንድ ጊዜ አወጣችው።

ከፖሊሱ መኪና አጠገብ ስትደርስ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ጥሩምባ ነፋች።

«እስቲ ዞር በሉልኝ» አለች፣ «መንገድ ዘግታችኋል።»