ያልተቆረጠው ገመድ

ከሆስፒታሉ ቤተ ሙከራ ወደ ማዋለጃው የሚሄደው የኮምፒውተር መስመር ጸጥ ያለው ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት የደም ምርመራዋ ውጤት ኮምፒውተሩ ላይ አልደርስ አለ። ነርሷ ደረጃውን በሩጫ ወርዳ ውጤቱን በእጇ ይዛ መጣች። ሴትዮዋ በእግዜር ቸርነት ተረፈች።

አራት ሰዓት ሳይሞላ ጥፋተኛ ተገኘ።

ጋሽ ሽቦ ይሉታል። የሆስፒታሉ የመስመር ሠራተኛ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ኮርኒስ ለኮርኒስ ሲድህ የኖረ። ያን ጠዋትም እዚያው ፎቅ ላይ መሰላል ተክሎ ታይቷል። የኔትወርክ ክፍሉ ኃላፊ ሠራተኛው በሙሉ በተሰበሰበበት አዳራሽ ቆሞ፣ ገመዱን የቆረጠው እሱ ነው አለ። የስንብት ደብዳቤው ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል።

መስመሩን እንድትመረምር ከሆስፒታሉ ሌላ ቅርንጫፍ የተላከች የኔትወርክ ባለሙያ ስትደርስ፣ ኃላፊው ማዋለጃው ውስጥ መስመሩን ከሚያገናኘው መሣሪያ፣ ከራውተሩ አጠገብ ጠበቃት። አዲስ ገመድ ቀይሬያለሁ፣ አሁን አጥፍቶ ማብራት ብቻ ነው የቀረው አላት። ጣቱ ማጥፊያው ላይ ነበር።

"እንዳትነካው።"

"እህቴ፣ ወላዶች እየጠበቁ?"

"ውጤቱ በእግርም ቢሆን እየደረሰ ነው። አሥር ደቂቃ ስጠኝ።"

ተቆረጠ የተባለውን ገመድ ከቆሻሻ መጣያው አውጥታ መልሳ ሰካችው። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ገመዱ ደህና ነው። ቤተ ሙከራ ደወለች፤ እዚያ ያለውን ራውተር ማንም አልነካውም።

ሁለቱ ራውተሮች እንደ ጎረቤት ናቸው፤ በየአሥር ሰከንዱ ሰላም ይባባላሉ። የሰላምታው ጊዜ በሁለቱም በኩል እኩል ካልተሞላ፣ መንገዱ ክፍት ሆኖም አላውቅህም ተባብለው ይዘጋጋሉ። ማዋለጃው ውስጥ ያለው ላይ አሥሩ ሠላሳ ሆኗል።

ራውተሩ ሲበራ የሚያነበውን፣ ቀድሞ የተቀመጠውን የቁጥሮቹን ቅጂ ከፈተች። እሱ ላይ አሥር ይላል።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። ለውጡን ያስገባው ሰው ሆን ብሎ ቅጂው ላይ አላስቀመጠውም። ራውተሩ ጠፍቶ ቢበራ ቁጥሩ በራሱ ወደ አሥር ይመለሳል፤ ማን እንደነካው የያዘው መዝገብም አብሮ ይጠፋል። አዲሱ ገመድ ሠራ ይባላል፤ ጋሽ ሽቦም ይባረራል።

መዝገቡን አተመች፤ ቁጥሩን አስተካከለች። መስመሩ ነፍስ ዘራ። ወረቀቷን ይዛ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። ኃላፊውና ጋሽ ሽቦም ተጠሩ።

"ሦስት ሰዓት ከአሥራ ዘጠኝ ላይ የት ነበርክ?" አለችው ኃላፊውን።

"ቢሮዬ። ሪፖርት ስጽፍ።"

"ሰው ገብቶ ነበር?"

"በሬን ቆልፌ ነው የምሠራው። ማንም አልገባም።"

ወረቀቱን ፊቱ ዘረጋችው። "ቁጥሩ በዚያች ደቂቃ የተቀየረው ካንተ ኮምፒውተር ነው።"

ኃላፊው ወረቀቱን አላነሳውም። ሥራ አስኪያጁ ለምን ብሎ ቢጠይቀው ወደ ጋሽ ሽቦ ጠቆመ።

"ባለፈው ሳምንት እርስዎ ፊት ተሳስተሃል አለኝ። እርስዎም የሱን ሰሙ። አንድ ገመድ ጎታች።"

ጋሽ ሽቦ ወደ ኃላፊው ዞረ። "ለዚህ ነው የሰው ልጅ ደም ፈሷት ልትሞት የነበረው?"

ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ቀደደ። ለሆስፒታሉ ስም ሲባል ነገሩ እዚሁ ይለቅ፣ አንተም ጋሽ ሽቦ ነገ ሥራህን ቀጥል፣ እሱን እኛ እንቀጣዋለን አለ።

"ጌታዬ፣" አለ ጋሽ ሽቦ፣ "ስሜ የጠፋው አዳራሽ ነው። ጓዳ ውስጥ ቢመልሱልኝ አልቀበልም።"

ባለሙያዋ ወረቀቱን አጣጥፋ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"አዳራሹን ያስከፍቱ፤ ፖሊስም ይጠራ" አለች። "መዝገቡን ሠራተኛው ሁሉ ፊት የማነበው እኔ ነኝ።"