ያኮረፈው ሳሙና

በወጣትነቴ ከአጎቴ ጋር ሳሙና እሠራ ነበር። ሞራ እናቀልጣለን፣ እናበስላለን፣ በሳጥን አፍስሰን ሲጠጥር በሽቦ እንቆርጣለን። ከደንበኞቻችን አንዱ ሆስፒታል ነበር። እሷን ያየኋት እዚያ፣ ልብስ ማጠቢያው ጋ ነው። የታመመች እናቷን ልታስታምም ከሩቅ ከተማ መጥታለች። አባቷ ድንጋይ ጠራቢ ነው።

አንሶላው ላይ ሳሙናዬን ሁለቴ አሸት አሸት አደረገች። አረፋው ገንዳውን ሞላ። ቀና ብላ አየችኝ።

«ይሄን ሳሙና ምን አብልታችሁት ነው?»

«ሞራ።»

ሳቀች። እኔ ቀልድ አልችልም፤ የምሬን ነበር።

ከዚያ ወዲያ በሳምንት አንዴ የማደርሰውን ሳሙና በሁለት በሁለት ቀን ማድረስ ጀመርኩ። አጎቴ «በሽተኞቹ ሳሙና ይበላሉ እንዴ?» አለኝ።

እናቷ ድና ሊሄዱ ሲሉ አንድ ጥቅል ሳሙና ሰጠኋት። አልተቀበለችኝም።

«እኛ ቤት ሲገባ ያኮርፋል» አለች።

«ሳሙና ደግሞ ያኮርፋል?»

«መጥተህ እየው።»

ከዚህ ሁሉ እኔ የሰማሁት «መጥተህ» የሚለውን ብቻ ነው።

በበጋው አጎቴን ይዤ ልጃቸውን እንዲድሩልኝ ልጠይቅ ሄድኩ። ቤታቸው ከድንጋይ ማውጫው ሥር ነው። ግቢውም፣ ዛፉም፣ የሰዉም ቅንድብ ነጭ አቧራ ለብሷል። ስጦታ ብዬ የያዝኩት በእጄ የሠራሁትን አሥራ ሁለት ሳሙና ነበር። አባቷ አንዱን አንስቶ አሸተተ።

«ልጄን የሚያበላት ይሄ ነው?» አለ። «እስቲ እንየው።»

አቧራ የጠጣ እጁን ዘረጋ። እሷ ከጉድጓድ የተቀዳ ውሃ አፈሰሰችለት። አሸ። ደግሞ አሸ። አረፋ የለም። ሳሙናው እንደ ተበላሸ ወተት ጓጉሎ ጣቶቹ ላይ ተለጠፈ።

«ሙሽራው ኖራ ይዞልን መጣ» አለ።

እኛን ሊያዩ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ሳቁ። ወደ እሷ ዞርኩ። እሷም ትስቃለች።

«አኮረፈ አይደል?» አለችኝ።

አጎቴ ባርኔጣውን አነሳ። እኔም ተነሳሁ። እስከ በሩ ተከትላኝ ሮጠች፤ ሳቋ ጠፍቶ ነበር።

«ዝናብ እስኪጥል ቆይ።»

ቀና ብዬ አየሁ። ሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም።

«ፌዙን ለአባትሽ ተዪለት» ብያት ሄድኩ።

ቤት እንደገባሁ ከዚያው ሳሙና የተረፈኝን በወንዛችን ውሃ ሞከርኩት። አረፋው እስከ ክርኔ ደረሰ። ሳሙናው ደህና ነው። እንግዲያ ውሃው ውስጥ አንድ ነገር ጨምረውበታል፤ እሷም ታውቃለች አልኩ።

ክረምት ሲገባ ድንጋይ የሚጭን ሾፌር በራችን ላይ ቆመ።

«የድንጋይ ጠራቢው ልጅ ልካኝ ነው። ‹ዝናቡ ጥሏል በለው› ብላለች።»

«እኛም ጋ ጥሏል በላት» አልኩት።

ሌላ አላገባሁም። ሥራ ነበረኝ።

አጎቴ ሲሞት ለመቃብሩ ድንጋይ ላስጠርብ ወደዚያ ከተማ ሄድኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት አልፎ ነበር። አባቷ ሞቷል፤ ሥራውን የያዘው ወንድሟ ነው። አላወቀኝም። ድንጋዩን እየዳሰስኩ መረጥኩ። ከዚያ ልታጠብ ከኪሴ ሳሙና አውጥቼ ወደ አንዱ በርሜል ስጠጋ የወንድሟ ልጅ፣ አንዲት ወጣት፣ ጠራችኝ።

«አባባ፣ ከሱ አይደለም። የጉድጓድ ነው፤ ሳሙና ያኮርፍበታል።»

ቆምኩ።

«ከዚህኛው ይታጠቡ። የዝናብ ነው፤ ያስታርቀዋል።»

«ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«አክስቴ ናታ። በርሜሉም የሷ ነበር። የጉድጓዳችን ውሃ ከድንጋይ ሥር ስለሚመጣ ከባድ ነው፤ ሳሙና አይወድም። ወንዶቹ ይሄን አያውቁም፤ መቼ አጥበው ያውቁና።»

«አክስትሽ የት አለች?»

«አረፈች፤ ሦስት ዓመቷ። ድሮ ‹እንግዳ አለብኝ› ብላ ክረምቱን ሙሉ የዝናብ ውሃ ታጠራቅም ነበር አሉ። ማንንም አታስነካም።»

«እንግዳው መጣ?»

«የት ይመጣል። ‹ከሳሙናው እሱ ባሰ፤ አኩርፎ ቀረ› ትል ነበር። እየሳቀች ነው ታዲያ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ሳሙና ሠርቻለሁ። ውሃ አላውቅም ነበር።

ልጅቷ በጣሳ ቀድታ አፈሰሰችልኝ። አሸሁ። አረፋው ወዲያው ተነሳ፤ ነጭ፣ ወፍራም። ጣቶቼን ሸፈነ፤ የእጄን አንጓ አለፈ።

«ጥሩ ሳሙና ነው» አለች። ጣሳውን እንደገና ሞላች። «ላፍስስልዎት?»

«ትንሽ ቆዪ» አልኳት።