ዓባይ ሳይሞላ የተሰቀለው መጋረጃ

ፋጢማውያን ኸሊፎች በካይሮ በነገሡበት ዘመን፥ ከነሐሴ ወር በአንዱ ዓርብ ጧት፥ ዓባይ በሮዳ ደሴት ግርጌ ልቡን ደብቆ ይፈስስ ነበር፤ የውሃውን ልክ የሚያውቁትም የውሃ መስፈሪያው ጉድጓድ ጠባቂ ሼኽ ሙፈረጅና ቤተ መንግሥቱ ብቻ ነበሩ። ውሃው አሥራ ስድስት ክንድ ሞልቶ የመሙላቱ ምልክት የሆነው ቢጫ መጋረጃ በመስፈሪያው መስኮት እስኪሰቀል ድረስ ልኩን ማውራት በአዋጅ የተከለከለ ነው፤ ሕዝቡ እንዳይሸበር ተብሎ። ይህን አዋጅ ያወጣ ሰው ገበያ ወጥቶ አያውቅም! ዝምታውን የሰማ ሁሉ ክፉ ክፉውን ገመተ፤ የገመተም ሁሉ ስንዴውን ቆለፈ፤ ባለጠጋው ጎተራውን፥ ድሀው እንስራውን።

የገበያው ሹም ዳቦ ከዚህ ዋጋ እንዳያልፍ ብሎ ባወጀ ማግስት ደግሞ ዳቦ ጨርሶ ጠፋ። በዚህ የተናደደው ሹም፥ ከጁምዓ ሶላት በፊት ምድጃውን ያላነደደ ጋጋሪ አህያ ላይ ፊቱን ወደ ጭራው ተቀምጦ እየተገረፈ በገበያ ይዞራል አለ፤ መጀመሪያ የተጠራውም በወንዙ ማዶ ያለችው የፉስጣጥ ከተማ ጋጋሪ ኸለፍ ነበር።

ኸለፍ በጀልባ ወደ ደሴቲቱ ተሻግሮ ወደ እህቱ ወደ ዙምሩድ መጣ፤ ዙምሩድ የሼኹ ሚስት ነበረች።

«ሼኽ፥ በአላህ ይሁንብዎ፥ ልኩን ይንገሩኝ፤ ሊሞላ መሆኑን ከሰሙ ነጋዴዎቹ ስንዴውን ያወጡታል» አለ። «የዱቄቱ ዋጋ ከዳቦው በልጦ በምን ልጋግር? በአመዱ?»

«አንገቴን ነው የምትለምነኝ» አሉ ሼኹ፤ የዕለቱን ልክ ይዘውም ወደ ቤተ መንግሥት ሄዱ።

ዙምሩድ ወንድሟ አንገቱን ደፍቶ ወደ ጀልባው ሲመለስ አየች። አባቷ በግርፋት የሞተ ሰው ነበር። የሼኹን ሣጥን ከፈተች፤ ቢጫውን መጋረጃም አውጥታ በመስኮቱ ሰቀለችው።

ከወዲያ ማዶ እልልታው ፈነዳ! ጀልባዎች ከበሮ እየመቱ ወጡ፤ ሴቶች በየሰገነቱ ዘለሉ፤ ትናንት «ስንዴ የለኝም» ብሎ በልጆቹ ስም የማለው ነጋዴ ሁሉ ዋጋ ሳይወድቅ ለመሸጥ ጆንያውን እየጎተተ ወደ አደባባይ ሮጠ።

«ስንዴ! ንጹሕ ስንዴ!»

«ትናንትና አይጥ በላው አላልክም ነበር?» አለችው አንዲት ሴት።

«እሜቴ፥ አይጡ ራርቶልኝ መለሰው!»

ዋጋው ከሹሙ አዋጅ በታች ወረደ። ኸለፍ እያለቀሰም እየሳቀም ምድጃውን አነደደ፤ አህያ እየነዱ የመጡት የሹሙ ሎሌዎችም ለዳቦ ተሰለፉ።

ሼኹ ከቤተ መንግሥት እየሮጡ ተመለሱ። «አንቺ ሴት! ውሃው እኮ ገና ነው!»

«ውሃው ይጉደል፤ ስንዴው ግን ነበረ።»

«ባይሞላስ? የከርሞውን እህል እኮ ነው ያስበላሽው!»

ዙምሩድ ወደ መስኮቱ ሄዳ ገና ዝቅ ያለውን ውሃ ቁልቁል ተመለከተች።

ወዲያው የቤተ መንግሥቱ መልእክተኛ ደረሰ፤ መጋረጃውንም ሽቅብ አይቶ ቆመ። ጥፋቱን ለመቅጣት ውሃው አለመሙላቱን ለሕዝብ መናገር ያስፈልጋል፤ ያን መናገር ደግሞ በአዋጅ የተከለከለ ነው። ማዶ የሚጨፍረውን ሕዝብ ተመለከተ፤ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብሎም ተመለሰ።

ዙምሩድ ግን ጧት ማታ ወደ መስፈሪያው ጉድጓድ እየወረደች ክንዱ የተቀረጸበትን የእብነ በረድ ዓምድ እየዳሰሰች አለቀሰች፤ አንድ ጧት፥ ሌሊቱን ከሐበሻ ተራሮች የወረደው ቀይ ውሃ መጥቶ እጇንና የአሥራ ስድስተኛውን ክንድ ምልክት አንድ ላይ እስኪሸፍናቸው ድረስ።

የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎች «በዚያ ዓመት ዓባይ ፈጥኖ ሞላ፤ በገበያው ሹም ብልሃትም ዳቦ ረከሰ» ብለው ጻፉ። የዙምሩድን ስም አላነሡም፤ አገሩ ሲራብ ጎተራው ሙሉ እንደ ነበረም የጻፈ የለም። ኸለፍ ግን እስኪሞት ድረስ፥ ምድጃውን ባነደደ ቁጥር፥ የመጀመሪያውን ትኩስ ዳቦ በጀልባ ወደ ደሴቲቱ ይልክ ነበር።