በማይክሮስኮፑ ሥር የቀረው ናሙና

የናሙና ምርመራ ክፍሉ ኃላፊ ከወንበራቸው ወድቀው፣ ወለሉ ላይ ተዘርግተው ነው የተገኙት። ሻያቸው ውስጥ መርዝ ነበር። የማይክሮስኮፑ መብራት አልጠፋም፤ ከሥሩ የትንሽ አንጀት ናሙና ያለበት የመስታወት ስላይድ ቀርቷል። ከቁጥር በቀር ስም አልተጻፈበትም።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ብታይ አንዱ ነገር ሁለት ሆነባት። ምንም ሳትነካ ቀና አለች።

«ለምንድን ነው ሁለት የሚሆንብኝ?» ስትል ምክትሉን ዶክተር ጠየቀችው።

«ሁለቱ የዓይን መመልከቻዎች ከዓይንዎ ጋር አልገጠሙማ። ማንም ሲቀመጥ እያራራቀ ወይ እያቀራረበ ለራሱ ያስተካክላቸዋል።»

«ሟቹ ፊታቸው ሰፊ ነበር?»

ምክትሉ ሳቁን ዋጠ። «በሌሉበት ‹ሰፌዱ› ነበር የምንላቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና።»

«ወንበራቸውስ ለማን ይደርሳል?»

«ለእኔ። ለዚህ አይደል እንዲህ የሚያዩኝ?»

የሟቹ ሚስት እንባ አልወጣትም። «የኖረው ከእኔ ጋር ሳይሆን ከዚህ ብረት ጋር ነው» አለች፤ «ጠላሁት እንጂ አልገደልኩትም።»

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ናሙናውን ሰም ውስጥ ደፍኖ፣ ከወረቀት አሳስቶ የሚቆርጠው ባለሙያ ነው። ፊቱ የከሳ፣ ልጁ ከሞተችበት ወዲህ ከሰው የራቀ። «እኔ እቆርጣለሁ፣ እሳቸው ያያሉ። ሌላ አላውቅም» አለ።

መርማሪዋ መመልከቻዎቹ ተቀራርበው በነበሩበት ላይ ምልክት አደረገችና ሦስቱንም ሰበሰበች። «በየተራ እዩልኝ።»

ምክትሉ መመልከቻዎቹን አራርቆ አየ። ሚስትየዋም ስትታገል ቆይታ አስተካከለቻቸው። መርማሪዋ በየመሐሉ ወደ ምልክታቸው ትመልሳቸው ነበር። ቆራጩ ግን ዓይኑን እንዳሳረፈ ፈዞ ቀረ፤ እጁ ምንም አልነካም።

«ልክዎ ሆነ» አለች መርማሪዋ። «መጨረሻ ላይ ያዩት ሟቹ ቢሆኑ ኖሮ መመልከቻዎቹ ተራርቀው ይገኙ ነበር። እሳቸው ከወደቁ በኋላ ፊቱ ጠባብ የሆነ ሰው እዚህ ተቀምጧል። የገደለ ሰው ይሸሻል እንጂ ቁጭ ብሎ ናሙና አያይም፤ ናሙናው አንጀቱን የሚበላው ካልሆነ በቀር። የማን ነው?»

«የልጄ ነው!» ቆራጩ ጮኸ። «ስንዴ አይስማማትም፣ ዳቦ ከልክላት ብሎ አሰናበተኝ። እሷ ዳቦ እያማራት፣ እኔ ከእጇ እየነጠቅኩ፣ ሌላ በሽታ ውስጥ ውስጡን ጨረሳት። ስህተቱን እያየ ይሙት ብዬ ሻዩን መርዤ ስላይዷን አስቀመጥኩለት። እሰይ፣ ደግ አደረግኩ! ከዚያ… አንዴ ልያት ብዬ ተቀመጥኩ።»

ምክትሉ ዳግም አጎንብሶ ብዙ ቆየ።

«አንጀት ውስጥ እንደ ጣት የቆሙ ነገሮች አሉ» አለ ቀስ ብሎ። «ስንዴ የማይስማማው ሰው ላይ ያጥራሉ። የእሷ ግን አላጠሩም፤ ቁራጩ ሰሙ ውስጥ በጎኑ ተኝቶ በሰያፍ ስለተቆረጠ ነው አጥረው የሚታዩት። ዶክተሩም ድገመው ማለት ነበረባቸው። ግን ያንተን እጅ ከራሳቸው ዓይን በላይ ያምኑ ነበር።»

«ማን ነው የቆረጠው?» አለች መርማሪዋ።

ቆራጩ ከማይክሮስኮፑ ራቅ አለ። «ልጄን ሌላ ሰው አይነካብኝም ብዬ… እኔው ነኝ። ያን ቀን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ!» አለች ሚስትየዋ፤ እንባዋ ያኔ መጣ።

መርማሪዋ ካቴናውን አወጣች። ቆራጩ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ትክ ብሎ አያቸው።

«እሱን ተበቀልኩት» አለ። «እነዚህንስ?»

መርማሪዋ ካቴናውን ቆለፈችው።